ዛፉ ሲወድቅ ደንበኛው አብሮ እንዳይወድቅ

በከተማችን በአዲስ አበባ ዛፍ ላይ ወጥተው እንጀራቸውን የሚያገኙ ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። አንዳንዶቹ በአነስተኛ ማኅበር ተደራጅተው፥ አንዳንዶቹም ሁለትና ሦስት ሆነው ገመድና መጋዝ ይዘው፥ በየሰው ግቢ ያረጀውን ዛፍ ይጥላሉ፤ የተንጨፈረረውን ይገርዛሉ፤ የአጥሩን ተክል ይከረክማሉ፤ ጉቶውን ይነቅላሉ። ሥራው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ዕውቀትና ልብ ይጠይቃል። ከመሬት ዐሥር ሜትር ከፍ ብሎ፥ በአንድ እጅ ቅርንጫፍ ይዞ በሌላው መጋዝ መሳብ የቀልድ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሥራውን ችሎ ሥራ ማጣት በእነዚህ ወንድሞቻችን ዘንድ የተለመደ ችግር ሆኗል። ጉልበቱም መጋዙም አለ፤ የሚጠራቸው ሰው ግን የለም።

ይህ ነገር ለላይ ተመልካች የጥቂት ወጣቶች የግል ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዝርዝር ቢመረምሩት ግን የከተማው ሁሉ ጉዳይ ነው። በአንድ በኩል ክረምት በገባ ቍጥር ነፋስና ዝናብ የጣለው ቅርንጫፍ የድኻውን ቆርቆሮ ይቀድዳል፥ የመብራት ገመድ ይበጥሳል። በሌላው በኩል በየዓመቱ በሐምሌ በደስታ የተተከለው ችግኝ ጥር ሳይጋመስ በየግቢው ሲደርቅ እናያለን። ሥራው እዚያ ቆሞ ሠራተኛ ይጠብቃል፤ ሠራተኛውም እዚህ ቆሞ ሥራ ይጠብቃል። እንግዲህ ሁለቱን ማን ያገናኛቸዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ለመመርመር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥራው እስከ ዛሬ በምን ይኖር እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል። እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳትቈይ የማገዶ ችግር አጋጥሟት ነበር። በአካባቢው የነበረው የሀበሻ ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቈርጦ በማለቁ፥ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ሕንፃ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንደኛው በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ የአውስትራልያ ተክል ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ከእንጦጦ ጀምሮ እስከ እያንዳንዱ ሰው ጓሮ ድረስ ተዳረሰ። ማገሩ፥ አጣናው፥ ወራጁ፥ ፍልጡ፥ ጭራሮው፥ ቅጠሉ ሳይቀር ገንዘብ ሆነ።

የዛፍ ቆራጩም ሙያ የተወለደው ከዚሁ ነው። ባለቤቱ ዛፉን እንደ ቆመ ይሸጣል፤ ቆራጩም ዋጋውን ከእንጨቱ ያወጣል። አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ሳይከፍል፥ ቆራጩም ሳይከፍል፥ “ቍረጥና እንጨቱን ውሰድ” ተባብለው ይለያያሉ። በዚህ አሠራር የሠራተኛው የድካም ዋጋ በእንጨቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለ ኖረ፥ ብዙ ሰው ዛፍ መቍረጥ በነጻ የሚገኝ አገልግሎት መስሎ ታይቶታል። ዛሬ “ለዛፍ ደግሞ ምን ይከፈላል!” የሚል ባለግቢ ብናገኝ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልማዱ ያስተማረው ነው።

አሁን ግን ይህ የእንጨት ገበያ እየጠበበ ሄዷል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤት ፍልጥ አይገዛም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ እየበዙ በመጡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ሰው የግሉ ጓሮ የለውም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ምክንያት ደግሞ ከፒያሳና ከሌሎች የቈዩ ሠፈሮች ብዙ ነዋሪ ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውሯል። በአንድ ሠፈር ተወስኖ ይሠራ የነበረ ትንሽ ማኅበር፥ ሠፈሩ ሲነሣ ደንበኞቹ በሙሉ በአንድ ወቅት ተበተኑበት ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዛሬ በግቢ የሚተከለው ዛፍ ዓይነቱ ተለውጧል። ጃካራንዳው፥ ግራቪሊያው፥ አቦካዶው ለጥላ፥ ለጌጥና ለፍሬ የተተከለ እንጂ ለአጣና የተተከለ አይደለም። እንጨቱ የቆራጩን ዋጋ ስለማይችል ወደ እርሱ የሚሄድ ሠራተኛ የለም።

ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ብዙዎቹ ወጣቶች ደንበኛ ሲሉ ዛፉ እንዲጠፋለት የሚፈልገውን ሰው ብቻ ያስባሉ። እኛ በበኩላችን አዲሱ ደንበኛ ዛፉ እንዲቆምለት የሚፈልገው ሰው ነው እንላለን። ምክንያቱም ዛፉ ሲወድቅ ደንበኛውም አብሮ ይወድቃል፤ ለዚያ ቤት ሁለተኛ አይጠሩም። የተገረዘ ዛፍ ግን እንደገና ያድጋል፥ እንደገናም ይገረዛል።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንየው። አንድ ማኅበር በዓመት 40 ዛፍ ቢጥል በሚመጣው ዓመት ሌሎች 40 ባለዛፎችን ከዜሮ ተነሥቶ መፈለግ አለበት። እንዲሁም በሦስተኛው፥ በአራተኛው ዓመት። ነገር ግን በየዓመቱ 40 ዛፍ ቢገርዝና አንዱ ዛፍ በየሦስት ዓመቱ መገረዝ የሚያሻው ቢሆን፥ በአራተኛው ዓመት የፊተኞቹ 40 ጊዜያቸው ደርሶ ይጠብቁታል። ግማሾቹ እንኳ ቢቀሩ 20 ሥራ ሳይለፋ አገኘ። በአምስተኛው ዓመት የሁለተኛው ዓመት ሰዎች ይመለሳሉ። ቍጥሩን ለምሳሌ ያህል አነሣነው እንጂ የነገሩ አካሄድ ይኸው ነው። ስለዚህ አዲስ ደንበኛ የማግኘት የመጀመሪያው ብልሃት የትናንቱን ደንበኛ አለመጣል ነው። የባለቤቱን ስም፥ የዛፉን ዓይነትና የተገረዘበትን ቀን በአንድ ደብተር መዝግቦ መያዝ ከመጋዝ የማያንስ የሥራ መሣሪያ ነው።

አዲሱ ደንበኛ የት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ አባቶቻችን “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት” ብለው መልሱን ሰጥተውናል። ዛፍ በአንድ ግቢ ተተክሎ በሦስት ግቢ ቅጠሉን ያራግፋል። በአንድ ቤት ዛፍ ሲገረዝ የመጋዙን ድምፅ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ጎረቤትም በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም። ሆኖም ሠራተኛው ሥራውን እንደ ጨረሰ እንጨቱን ጭኖ ወዲያው ከሄደ ማስታወቂያው ባከነ። ከመሄዱ በፊት የግራውንና የቀኙን በር ማንኳኳት፥ የሰው መንገድ ላይ የወደቀውን ቅጠል መጥረግ፥ ስለ ጩኸቱም ይቅርታ መጠየቅ ይገባዋል።

አነጋገሩም ቢሆን ይወስናል። “የሚቈረጥ ዛፍ አለ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው “የለም” ተብሎ ይመለሳል። ነገር ግን፥ “እትዬ፥ ይህ ቅርንጫፍ ወደ ቆርቆሮዎ ዘንብሏል። ክረምት ሳይገባ ቢነሣ ይሻላል። ዛፉ ራሱ ግን ጤነኛ ነውና አይቈረጥ” ያላቸው እንደ ሆነ እትዬ ወጥተው ያያሉ። ይህ ልጅ እንጨት ፈልጎ እንዳልመጣ ወዲያው ይገባቸዋል። እምነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ምናልባት የዚያን ዕለት አይከፍሉም፤ ነገር ግን ነፋስ በነፈሰ ሌሊት ያንን ልጅ ያስታውሱታል።

ከጎረቤት ቀጥሎ የሚመጣው ዕድር ነው። በየሠፈሩ ያለው ዕድር የራሱ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ አባላቱም በየጊዜው ይሰበሰባሉ። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ቀርቶ፥ ማኅበሩ የዕድሩን ቤትና ግቢ ዛፍ አንድ ጊዜ በቅናሽ ቢያጸዳና በስብሰባው ላይ አምስት ደቂቃ እንዲናገር ቢፈቀድለት፥ በአንድ ቀን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ከዚህም ሌላ ዕድር የሚያውቀው ሰው የዋስ ያህል ይቈጠራል። የማያውቀውን ጐረምሳ ከነመጋዙ ወደ ግቢው ለማስገባት የሚፈራ ሰው፥ “የዕድራችን ልጆች ናቸው” ሲባል በሩን ይከፍታል። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፥ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎችም ትልልቅ ዛፍ ያለባቸው ግቢዎች ናቸው። በተለይ ብዙ ሕፃናት ከዛፍ ሥር በሚጫወቱበት ትምህርት ቤት የደረቀ ቅርንጫፍ ትልቅ ሥጋት ስለሆነ፥ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይህን በጨዋ ቃል ቢያስረዱት የሚሰማ ሰው ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ቢሆኑ የተዘጉ በሮች አይደሉም። ነዋሪው የግል ጓሮ ባይኖረውም በሕንፃዎቹ መካከል የጋራ መሬት አለ፤ በዚያም ላይ የተተከለው ዛፍ ዛሬ እስከ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ደርሷል። ይህን የሚያስተዳድረው የነዋሪዎቹ ማኅበር ነው። አንድ የማኅበር ኮሚቴ ማሳመን የብዙ ቤቶችን ሥራ በአንድ ውል ማግኘት ነው። በቴሌግራም የሚገናኙ የነዋሪ ቡድኖችም ስላሉ፥ ዛፉ ከመገረዙ በፊትና በኋላ የተነሣውን ሁለት ፎቶግራፍ መላክ ከብዙ ቃል የበለጠ ያስረዳል። ክፍያውም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር እየተለመደ ስለ መጣ፥ ከብዙ ነዋሪ ጥቂት ጥቂት ማዋጣት እንደ ዱሮው አያስቸግርም።

ሦስተኛው የደንበኛ ዓይነት፥ እስካሁን ማንም በቅጡ ያልነካው፥ የተከለ ግን የማያሳድግ ደንበኛ ነው። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች፥ ባንኮች፥ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች በየክረምቱ ችግኝ ይተክላሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብ በመሆኑ፥ ችግኙ የሚፈተነው ከጥቅምት በኋላ ባለው ደረቅ ወራት ነው። በዚያን ጊዜ ውሃ የሚያጠጣው፥ አረሙን የሚነቅልለት፥ ከፍየልና ከበግ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ለተከላው ቀን ቆብና ካናቴራ የሚያሳትም መሥሪያ ቤት ለበጋው ጥበቃ ሰው መቅጠሩን ይረሳዋል።

አንድ ትንሽ ማኅበር ለእንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት እንዲህ ብሎ ሊቀርብ ይችላል፦ “የተከላችሁትን ችግኝ ከመስከረም እስከ ግንቦት እንጠብቃለን፤ የደረቀውን እንተካለን። ከክፍያው ግማሹን በየወሩ፥ የቀረውን ግማሽ ግን ዓመቱ ሲሞላ በጸደቀው ችግኝ ልክ ትከፍሉናላችሁ።” ይህ አቀራረብ ለሁለቱም ይበጃል። መሥሪያ ቤቱ ለቍጥር ሳይሆን ለቆመ ዛፍ ይከፍላል፤ ማኅበሩም በክረምትና በበጋ የማይቋረጥ ገቢ ያገኛል። ከዚያም በላይ ዛሬ ውሃ ያጠጣው ችግኝ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚገርዘው ዛፍ ስለሚሆን የነገውን ሥራ በእጁ እየተከለ ነው ማለት ይቻላል።

ደንበኛ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ለደንበኛው የሚገባውን ሥራ መሥራት ሌላ ነው። እዚህ ላይ ለወንድሞቻችን ሳንሸሽግ የምንናገረው ነገር አለ። በከተማችን ብዙ ዛፍ አናቱ ተቈርጦ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ባለቤቱ “አሳጥርልኝ” ይላል፤ ሠራተኛውም ከወገቡ ይቈርጥለታል። ከተቈረጠው አናት ዙሪያ የሚበቅለው አዲስ ቀንበጥ ግን ከላይ የተለጠፈ እንጂ ከግንዱ ውስጥ የወጣ ስላልሆነ፥ ሲከብድ በነፋስ ተገንጥሎ ይወድቃል። የተቈረጠውም ቦታ ውሃ እየገባበት ይበሰብሳል። እንዲሁም ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከላይ ብቻ ሲቈረጥ የግንዱን ልጣጭ ይዞ ይወርዳል። ዐዋቂ ሠራተኛ መጀመሪያ ከታች በኩል ጥቂት ያስገባል፤ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ይቈርጣል፤ በመጨረሻም የቀረውን ቍራጭ ከግንዱ ጋር ሳያስተካክል፥ ያበጠውን የቅርንጫፉን አንገት ሳይነካ ያነሣዋል። ይህን ሲሠራ ባለቤቱ እየተመለከተ ምክንያቱን ቢያስረዳው፥ በቀን ሠራተኛና በባለሙያ መካከል ያለው ልዩነት ያን ጊዜ ይታያል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይለያል።

የሕይወት ጉዳይም አለበት። በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የቆመ ዛፍ፥ ይልቁንም በዝናብ የራሰ ከሆነ፥ ኤሌክትሪክን ወደ ሰው ያስተላልፋል። ጥቂት ብር እንዳያመልጠው ሲል ወደ እንደዚህ ያለው ዛፍ የሚወጣ ወጣት ቤተሰቡን ያለ ጧሪ ሊያስቀር ይችላል። “የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መስመሩን ሳያጠፋ አንነካውም” ብሎ መመለስ ደንበኛ ማጣት አይደለም። እንዲያውም አስተዋይ ባለቤት፥ “እነዚህስ የሚያውቁ ናቸው” ብሎ ያከብራቸዋል። የራስ ቍር፥ ጠንካራ ገመድና ቀበቶ፥ ቢቻልም የአደጋ መድን የዋጋው ክፍል መሆን አለባቸው። ዛፍ ከመቍረጥ በፊትም ወረዳውን ፈቃድ መጠየቅ ደንበኛውንም ሠራተኛውንም ከክስ ያድናል፤ በተለይ ዝግባ፥ ኮሶ፥ ዋንዛና የሀበሻ ጥድ በሚሆንበት ጊዜ።

ስለ ዋጋም ጥቂት እንበል። ብዙ ሠራተኛ ዛፉን ቀና ብሎ አይቶ ቍጥር ይጠራል፤ ባለቤቱም ግማሹን ይጠራል፤ ክርክሩም ይቀጥላል። ከዚህ ይልቅ የዛፉን ቁመትና ውፍረት፥ ከቤትና ከሽቦ ያለውን ርቀት፥ መኪና መግባት አለመግባቱን፥ እንጨቱ የማን እንደሚሆንና ጽዳቱን ማን እንደሚሠራ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ማቅረብ ይሻላል። ደረሰኝ የማይሰጥ ማኅበር ከመሥሪያ ቤት በር አያልፍም። ምዝገባውንና የግብር ከፋይ ቍጥሩን አሟልቶ የተገኘ ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ አንዱ መሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ መሥሪያ ቤቶችም የሚወቀሱበት ነገር አይጠፋም። አንዳንድ ቦታ አሸናፊው አስቀድሞ ታውቆ፥ ለወጉ ያህል ብቻ ከትንንሽ ማኅበራት ዋጋ ይጠየቃል። “እንዳያማ ጥራው፥ እንዳይበላ ግፋው” ማለት ይኸው ነው። ለግዢ የተቀመጡ ሰዎች፥ የዛፍ ሥራ በርካሽ ዋጋ ብቻ የሚለካ አለመሆኑን ተረድተው፥ የሠራተኞቹን ችሎታና የደኅንነት መሣሪያ ቢመለከቱ ለመሥሪያ ቤታቸውም ይበጃል። ወረዳዎችም ክረምት ከመግባቱ በፊት በየአካባቢያቸው የሠለጠኑትን ማኅበራት ስም በሰሌዳ ቢለጥፉ ብዙ ወጪ አያስወጣቸውም። የዛፍ አገራረዝ በቴክኒክና ሙያ ተቋማት በአጭር ኮርስ ቢሰጥ፥ እንደ ወንዶ ገነት ባለው የደን ኮሌጅ የተማሩ ባለሙያዎችም ቢያግዙ፥ በልምድ ብቻ የተያዘው ሥራ ሙያ ይሆናል። እኛ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣን ሰዎችም ዲግሪያችንን ይዘን የቢሮ ወንበር ብቻ ከምንጠብቅ፥ ከእነዚህ ማኅበራት ጋር ገብተን ሒሳቡንና ውሉን ብንይዝላቸው የሚያሳፍር አይሆንም።

“ሕዝቡ ኑሮ ከብዶት ሳለ ለዛፍ ገንዘብ ከየት ያመጣል?” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ሕዝቡ ዛሬም እየከፈለ ነው። የሚከፍለው ግን ዛፉ ከወደቀ በኋላ ለቆርቆሮ፥ ለአጥርና ለግድግዳ ነው። ከአደጋው በፊት ቅርንጫፉን ማስነሣት ያንሳል እንጂ አይበልጥም። አንድ ቤት ብቻውን ባይችል፥ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ አምስት ቤቶች በአንድ ቀን ቢያሠሩ፥ ማኅበሩም የመጓጓዣ ወጪው ስለሚቀንስለት ዋጋውን ዝቅ ሊያደርግላቸው ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጦርነት ብቻ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ አለው። ደንበኛ የሚፈለገው ዝናቡ ከጀመረ በኋላ በድንጋጤ ሳይሆን በመጋቢትና በሚያዝያ፥ ሰው ስለ ክረምቱ ማሰብ በሚጀምርበት ወራት ነው። ግንቦት የግርዘቱ ጊዜ ይሁን። በሐምሌ የተከላው ሥራ ይሠራ። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ የችግኝ ጥበቃውና የደረቁ ዛፎች ምርመራ ይቀጥል። እንዲህ ሆኖ የተከፋፈለ ዓመት ሥራ ፈት ወር የለውም።

በመጨረሻም ለእነዚያ ገመድና መጋዝ ይዘው ከመንገድ ዳር ቆመው ጥሪ ለሚጠብቁ ወንድሞቻችን የምንለው ይህን ነው። ቀና ብላችሁ ከተማውን ተመልከቱ። በየአጥሩ ላይ የዘነበለው ቅርንጫፍ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የጠወለገው ችግኝ እያንዳንዱ ያልተጻፈ የሥራ ማስታወቂያ ነው። ሄዳችሁ አንብቡት። ባለቤቶቹ ደግሞ በራችሁ ሲንኳኳ፥ “እንጨት ፈላጊ ነው” ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወጥታችሁ ወደ ዛፋችሁ ቀና በሉ። ክረምቱ ሲገባ ያን ዛፍ የሚያየው ነፋሱ ብቻ እንዳይሆን።